የአሮጊቷ ሦስተኛ ጣውላ

ሐምሌ 6

ለአባዬ፣

ሰላምታዬ ከልብ ነው። ከአንገት በላይ ከመሰለህ፣ ስልኬን መሳቢያህ ውስጥ ቆልፈህ "ደብዳቤ ጻፊ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ይስተካከላል" ብለህ ስለላክኸኝ ነው። ስለዘገየሁም ይቅርታ። ከዚህ ደብዳቤ የሚያደርሰው የዓሣ መኪናው ሹፌር ነው፤ እሱ ደግሞ ዓሣ ካልተያዘ አይንቀሳቀስም። ወረቀቱ ከሸተተህ ከእሱ ጋር ተነጋገር።

አዎ፣ በሰላም ገብቻለሁ። አዎ፣ ካልሲዎቼ ስድስቱም ጥንድ አሉ። መናኸሪያው ላይ "እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጥር አሥራ አራት ሆኜ ስኖር አንዲት ካልሲ ጠፍታኝ አታውቅም" ያልከኝን አልረሳሁም። እኔ ብረሳው እንኳ አጠገባችን ቆሞ የነበረው ሰውዬ አይረሳውም።

አያቴን እንድከታተልበት የሰጠኸኝን ቅጽ ሞልቻለሁ፦

1. ደረጃ ሲወጡ ያርፋሉ? — ያርፋሉ፤ እኔ እስክደርስባቸው።
2. ምድጃ ላይ ድስት ይረሳሉ? — አንድ ጊዜ። የተቃጠለው የእኔ ቁርስ ነው፤ የራሳቸውን አልረሱም።
3. ነገር ይደጋግማሉ? — "አባትሽ ሲወለድም ቅጽ ሞልቶ ነው" የሚለውን እስካሁን አራት ጊዜ ሰምቻለሁ።
4. የጀልባዋ ሁኔታ፦ — መጠነኛ።

አራተኛውን ላብራራ። ጀልባዋን እዚህ ሁሉም "አሮጊቷ" ነው የሚላት። ጓሮ ውስጥ በግንድ ላይ ተቀምጣለች፤ ምሰሶዋ ወርዷል፣ ሸራዋን አይጥ ቀምሶታል። ባለፈው መጥተህ "ጀልባ መጠበቅ ያቃተው ሰው ቤት መጠበቅ አይችልም" ስትላቸው አያቴ "እንግዲያው እጠብቃታለሁ" አሉህ፣ አንተም ወዲያው ውል ጻፍክ። ውሉ የመሣሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሏል፤ ቁርስ ላይ በቃላችን እንወጣዋለን፦ አሮጊቷ እስከ ነሐሴ 25 ውሃ ላይ ከተንሳፈፈች አያቴ ቤታቸው ይቆያሉ፤ ካልተንሳፈፈች ቤቱ ይሸጣል፣ እሳቸውም ከተማ እኛ ጋ የልብስ መተኮሻዋ ክፍል ይገባሉ። አባዬ፣ እዚያች ክፍል አልጋ ከገባ ሰው አይገባም።

ጡረታ የወጡት አናጢ ጋሽ መጋዝ በየቀኑ ይመጣሉ። አርባ ዓመት መጋዝ ሲጮህባቸው ጆሯቸው ተሰናብቷል። አያቴ ደግሞ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ጋሽ መጋዝ ጣውላውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኳሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ አያቴ ኖራ ይዘው ምልክት ያደርጋሉ። ጤነኛ እንጨት "ኳ" ይላል፤ የበሰበሰ "ዱብ" ይላል። "ኳ" ሲል አውራ ጣቴን አነሳለሁ፣ "ዱብ" ሲል አንገቴን እደፋለሁ። ማታ ላይ አንገቴን አሞኝ ነበር። ስንት ጣውላ ዱብ እንዳለ ግን አትጠይቀኝ።

ልጅህ

ቁጥር፦ አባ/02
ቀን፦ ሐምሌ 13
ለልጄ፣ ባለሽበት

ጉዳዩ፦ ያልተሟላ ቅጽን ይመለከታል

ሐምሌ 6 የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ከእሱ ቀደም ብሎ ሽታው ደርሶ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ መስኮት ከፍተዋል።

1ኛ/ "መጠነኛ" የሚለው ቃል መጠን አይገልጽም። ከሠላሳ ሁለቱ ጣውላ ስንቱ እንደበሰበሰ በቁጥር ይገለጽ።

2ኛ/ እንጨት ያለ ምክንያት አይበሰብስም። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺ ጀልባ እንደ ጽዋ የጠራች ነበረች። ብስባሱ ከየት እንደተነሳ፣ መቼ እንደተነሳና በማን ቸልተኝነት እዚህ እንደደረሰ ተጣርቶ፣ በማስረጃ ተደግፎ ይቅረብልኝ። ውጤቱን ከወዲሁ መገመት አያዳግተኝም፤ ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን።

3ኛ/ ቤቱን ለመግዛት የፈለገ ሰው በነሐሴ መጀመሪያ መጥቶ ያያል። በጨዋነት ተቀበሉት።

ከሰላምታ ጋር
አባትሽ

ግልባጭ፦ ለእናትሽ፣ እንድታውቀው

ሐምሌ 21

አባዬ፣

አይ፣ አያቴ አልወደቁም። ማን እንደነገረህም አውቄያለሁ፤ ዓሣ የሚጭን ሰው ወሬም ይጭናል። አያቴ ከመሰላሉ ወረዱ፤ ትንሽ ፈጠን ብለው ነው የወረዱት። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው፤ ግራ እጃቸውን ያሰረው ለጥንቃቄ ነው። ስላልነገርኩህ ይቅርታ፤ ቅጹ ላይ ለመሰላል ቦታ የለውም።

ቁጥር አባ/02ን አያቴ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡት። ጋሽ መጋዝ፣ አያቴ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ሳቁ፣ ከጨረሱም በኋላ ሳቁ። "ሳይሰሙ ምን አሳቀዎት?" ብዬ በእጄ ስጠይቃቸው "ሲያነብ ፊቱ የልጁን መሰለ" አሉኝ።

አሁን ቀለም እየፋቅን ነው። ሴት አያቴ እማማ በሕይወት እያለች አያቴ አሮጊቷን በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይቀቧት ነበር፤ እማማ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሸራ ለብሳ ተቀምጣለች። ሃያ አምስት ድርብ ቆጥሬያለሁ። አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሌላ ስላልነበረ ቢጫ አለ። አንዳንዱ ቦታ እንጨቱ ድሮ ሄዷል፣ ጀልባ መስሎ የቆመው ቀለሙ ብቻ ነው። በጣቴ ስነካው እስከ አንጓዬ ገባ። ጋሽ መጋዝ "ተይ፣ ታሰምጪናለሽ" አሉኝ፤ ጓሮ ውስጥ ቆመን።

አሥራ ዘጠኝ። ጠይቀህ የለ፤ ከሠላሳ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ።

ምርመራህም ተጀምሯል፤ ግን አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። በግራ በኩል፣ ከታች ሦስተኛው ጣውላ ላይ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ ሳህን የምታክል ቦታ አለች። እዚያ ቀለሙ ሃያ አምስት አይደለም፤ አርባ ላይ ስደርስ መቁጠር አቆምኩ። መፋቂያዬን ሳሳርፍ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሥራቸውን ትተው እጄን አዩ። አያቴ "እዚያ ጋ ተይው፣ እሱን እኔ እፍቀዋለሁ" አሉ። ይኸው አራተኛ ቀናቸው ነው፤ አልነኩትም። በእዚያ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ።

ቅጹን ያልላክሁት ሬንጅ ስለነካው ነው። ሬንጁን ማን እንዳስነካው ቅጹ አይጠይቅም።

ልጅህ

ቁጥር፦ አባ/03
ቀን፦ ሐምሌ 28

ጉዳዩ፦ ምርመራውን ስለማፋጠን

በሦስተኛው ጣውላ ላይ የሚደረገው መዘግየት አጠራጣሪ ነው። አንድ ሰው ጥፋቱን በቀለም ሸፍኖ እንደኖረ ግልጽ ነው። ሽማግሌ ስለሆነ ተብሎ አይታለፍም። አባባ ፈቀዱም አልፈቀዱም ቦታው ተፍቆ፣ የተገኘው ሁሉ አንድ ሳይቀር ይመዝገብ፤ ጥፋተኛውም ማንም ይሁን ማን በይፋ ይገለጽ።

ስለ መሰላሉ የሰጠሽው መልስ አላረካኝም።

አባትሽ

ግልባጭ፦ ለእናትሽ

ቁጥር፦ ልጅ/01
ቀን፦ ነሐሴ 5

ጉዳዩ፦ የምርመራ ውጤት ስለማሳወቅ

"ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን" ባልከው መሠረት ምርመራው ተጠናቋል። ደብዳቤህን ለአያቴ ሳነብላቸው "እንግዲህ ራሱ ካዘዘ ፋቂው" አሉ። ፋቅሁት። የተገኘው ይህ ነው፦

ሀ/ አንድ የቆርቆሮ ክዳን፣ በሰባት ምስማር የተመታ። ከሰባቱ አምስቱ ተጣመዋል። ጋሽ መጋዝ "ይህ የአናጢ እጅ አይደለም፤ የቸኮለ ልጅ እጅ ነው" ብለዋል።

ለ/ ከክዳኑ ሥር፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ።

ሐ/ ቀዳዳው ውስጥ፣ ተጠቅልሎ በሻማ የተደፈነ አንድ የተማሪ ካልሲ። ሰማያዊ ነው። አፉ ላይ በነጭ ክር ቁጥር ተጠልፎበታል። ቁጥሩ 14 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ አረፍ በል። ውሃ ጠጣ።

ጋሽ መጋዝ ኖራውን ይዘው አሳዩኝ፤ ዱብ ያሉት ጣውላዎች ሁሉ ከዚያች ቀዳዳ ተነስተው እንደ ቅርንጫፍ ይዘረጋሉ። ውሃው በካልሲው በኩል ገባ፣ እንጨቱ ውስጥ ሰረገ፣ ቀለሙ ደግሞ መውጫ ከለከለው። ዘጠኙ ዓመት አባባሰው እንጂ አልጀመረውም።

አያቴን "ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"አያቴ።"

"አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር" አሉ። "ዝናብ ሞልቷት 'ውሃውን በጣሳ እየቀዳህ አውጣ' ብዬው ሄድኩ። ስመለስ ደርቃ አገኘኋት። ልጄ ጎበዝ ነው ብዬ ለሰው አወራሁ።"

"ከዚያስ?"

"በማግስቱ ከእማማሽ ጋር ወጣን። ውሃው መሀል ስንደርስ ጫማዋ ተንሳፈፈ።"

አባዬ፣ ዝናቡን ለማፍሰስ የበሳኸው ቀዳዳ ከውስጥም ከውጭም እንደሚሠራ አላሰብክም ነበር ማለት ነው።

"እንደምንም ተመለስን። በነጋታው ጠዋት ስሄድ ክዳን ተመትቶባታል፤ አባትሽ ደግሞ በመስኮት ያየኛል።"

"ለምን አልተቆጡትም?"

"ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ራሱ መጥቶ እስኪነግረኝ ልጠብቅ አልኩ።"

"እስከ መቼ?"

"ይኸው እየጠበቅሁ ነው። ሰው እንዳያይበት ብዬ በየዓመቱ ለአሮጊቷ አንድ፣ ለእዚያች ቦታ ሁለት ቀባሁ።"

ሠላሳ አራት ዓመት፣ አባዬ። ምርመራው እዚህ ላይ ተዘግቷል።

ልጅህ

ነሐሴ 9

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ እንደቀጠለ ነው።

ካልሲው አሁን የት ነው ያለው?

አባትሽ

ነሐሴ 13

አባዬ፣

ደብዳቤህ ቁጥር የለውም፣ ጉዳይ የለውም፣ ግልባጭም የለውም። ያመመህ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ካልሲው ደህና ነው። ታጥቦ ደርቋል፤ ግድግዳው ላይ ከውልህ ጎን ተሰቅሏል። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ገና አስቤበት አልጨረስኩም። በነገራችን ላይ ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ብርድ እንዳይመታው እሰጋለሁ። ሁለቱ ጉዳዮች ይገናኙ አይገናኙ ውሳኔውን ላንተ ትቻለሁ።

ቤት ገዢህ መጥቶ ነበር። እንዳዘዝከው በጨዋነት ተቀበልነው። አያቴ ጣሪያው የሚያፈስበትን፣ ወለሉ የሚጮህበትን አንድ በአንድ አሳዩት። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ እንደማይከፈት ደግሞ እሱን ውስጥ አስገብተው አሳዩት። ጋሽ መጋዝ በሩ ሥር ቆመው ነበር፤ ሲያንኳኳ እንዴት ይስሙት? ሰውዬው ግን ይህ ሁሉ ሆኖ ቤቱን ወዶታል። ነሐሴ 25 ከሰዓት ወረቀቱን ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል።

አሁን ቀልዱን ልተው።

አሥራ ስምንቱ ጣውላ ተቀይሯል። በጣውላና በጣውላ መካከል ጥጥ ጠቅጥቀናል፤ ጣቴ አሁንም አይታጠፍም። የቀረችው አንድ ጣውላ ናት፤ ሦስተኛዋ። ጋሽ መጋዝ ቆርጠው፣ ልገው፣ በእንፋሎት አጉብጠው አስቀምጠዋታል። ቦታዋ ላይ አድርጎ መምታት ብቻ ነው የቀረው። አያቴ ግን እምቢ አሉ።

"የከፈታት ይዝጋት" አሉ።

ጋሽ መጋዝ መዶሻውን መሬት ላይ ወረወሩ። "አንተ ሰውዬ፣ በገዛ እልህህ ቤትህን ልታጣ ነው።"

"ይሁን።"

"ካልመጣስ?" አልኳቸው እኔ።

"ካልመጣማ ከተማ እገባለኋ" አሉና መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። አልነገርኳቸውም፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ ስለነበር።

መዶሻ አለ። ምስማርም አለ፤ ለሚጣመመው ትርፍ አስቀምጠናል።

ልጅህ

ቁጥር፦ ልጅ/02
ቀን፦ ነሐሴ 24

ጉዳዩ፦ ቅጽ ስለመላክ

አባዬ፣ ከተማ ገብቼ ለትምህርት ቤት ምዝገባው ደርሻለሁ። ካልሲ አምስት ጥንድ ከአንድ ነው፤ ስለ ጎደለው ምርመራ እንዲከፈት አልፈልግም። እናቴ "አባትሽ የት ቀረ?" ስትለኝ "አያቴ ጋ አናጢ ሆኖ ተቀጥሯል" አልኳት። ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ግንባሬን ነካች።

ሰኞ ሦስተኛዋን ጣውላ ስትመታ ከሰባት ምስማር አምስቱን አጣመምክ። ጋሽ መጋዝ አያቴን ብቻ አዩአቸው። ከመጣህ ጀምሮ ከአያቴ ጋር ያወራችሁት ስለ ዝናብ ነው፤ ዝናብ እንደዚህ ብዙ ወሬ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ትናንት የዓሣ መኪናው ላይ ስወጣ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። አሮጊቷ ውሃ ላይ ወርዳ እስከ ጠርዟ ሞልታለች። አንተ ሱሪህን ጠቅልለህ እስከ ጉልበትህ ገብተህ ቆመሃል፤ ከረባትህ ግን አንገትህ ላይ ነው። ጋሽ መጋዝ ሦስት ጊዜ አስረድተውኛል፤ ደርቆ የቆየ እንጨት መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። አምኛቸዋለሁ። ግን ነገ 25 ነው፣ ሰውዬውም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ እኔም እዚህ ሆኜ ጥፍሬን እየበላሁ ነው።

ቅጹን አያይዣለሁ። አንድ ጥያቄ ጨምሬበታለሁ።

ልጅህ

ቁጥር፦ ረስቼዋለሁ
ነሐሴ 27

ልጄ፣

ስለ ወረቀቱ ሽታ ይቅርታ። ከሹፌሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ዓሣ ሰጠኝ።

አይ፣ አልወደቅሁም። ሐኪሙ ራሱ ሳይሆን አይቀርም የነገረሽ። ከመሰላሉ ትንሽ ፈጠን ብዬ ነው የወረድኩት።

ቅጹን እነሆ፦

1. ደረጃ ሲወጣ ያርፋል? — ያርፋል። አባባ ከላይ ቆመው ይጠብቁታል።
2. ድስት ይረሳል? — የጋሽ መጋዝን ቁርስ አቃጥሏል።
3. ነገር ይደጋግማል? — ስለ ዝናብ፣ አዎ።
4. የጀልባዋ ሁኔታ፦ — መጠነኛ።
5. ነገራቸው? — ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባባ ጣሳ ሰጡኝ። ያው የድሮው ጣሳ ነው፤ እጀታው የተበየደው። "ስትጠግብ እየቀዳህ አውጣላት" አሉኝና ሄዱ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ያልቀዳሁትን ውሃ በአርባ ስድስት ዓመቴ ቀዳሁት። ወገቤ ሁለቱንም ዓመታት አስታውሷል።

በ25 ጠዋት ስንደርስ ጣውላዎቹ አብጠው እርስ በርስ ተጨባብጠዋል። የያዘችውን ውሃ አውጥቼ ከሰዓት ላይ ስጨርስ ወለሏ ደረቀ፤ ከአንድ ቦታ በቀር። የእኔ ጣውላ። እንጨቱ ላይ የነበረች አንዲት ቋጠሮ ወጥታ ወድቃ ቀዳዳዋ እንደ ቧንቧ ትረጫለች። ጋሽ መጋዝ ጥጥ ሊያመጡ ሮጡ፤ የሚሮጡት እንደምታውቂው ነው። ቤት ገዢው ደግሞ ቦርሳውን ይዞ በመንገዱ እየመጣ ነበር።

ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬን አወለቅሁ። ጠቅልዬ ጠቀጠቅሁት። ቀና ስል አባባ ከፊቴ ቆመዋል።

"አባባ" አልኳቸው፣ "የዚያን ጊዜዋንም ቀዳዳ የበሳሁት እኔ ነኝ።"

"የትኛዋን ቀዳዳ?" አሉኝ።

ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቁ ሰው እንዲህ አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ መሰርሰሪያው፣ ስለ እማማ ጫማ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ልጅ ሆኜ የተለማመድኩት ንግግር ነበር፤ አንድ ቃል አልጠፋኝም። ጨርሰው ሰሙኝ። ከዚያ ካልሲውን አዩት።

"ይሄኛውን አልቀባልህም" አሉኝ።

ሦስታችንም ተሳፈርን። ሸራውን ከፈትን፤ ነፋስ አልነበረም፣ ቢሆንም ከፈትነው። አሮጊቷ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ድረስ ተንሳፈፈች። ቤት ገዢው ከዳር ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል አየን፤ ከዚያ ቦርሳውን አስቀምጦ "አራተኛ ሰው ትችላለች?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ መጋዝ ስላልሰሙት ከዳር ያሰረንን ገመድ ፈቱት። ውሉ ላይ "ተፈጽሟል" ብዬ ፈርሜ እዚያው ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

የዓመት ፈቃዴን አንድ ሳምንት አራዝሜያለሁ፤ የምሰሶው ቀለም ገና ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ከቅጾቹ ክምር ሥር ነው። እዚያ አትፈልጊም ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አንቺው አንብቢላት፤ ስለ መናኸሪያው ንግግሬ ግን ባታነሺ ደስ ይለኛል።

ደግሞ በዚህ ሹፌር በኩል ካልሲ ላኪልኝ። ጥንድ አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል።

አባትሽ